ተከሳሹ ዘይት

ክረምት በገባ ቁጥር በግቢያችን አንድ ክስ ይከፈታል። ተከሳሹ ዘይት ነው። ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም አከራያችን ናቸው፤ የግቢው ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። ወንጀሉ መርጋት ነው።

ነገሩ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ነው። ሽንኩርቱ በደረቁ ተቁላልቶ ዘይት ይጠብቃል። እማማ ከሸማቾች ሱቅ ተሰልፈው ያመጡትን ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጄሪካን አንሥተው ድስቱ ላይ ይዘቀዝቁታል። ጠብ የሚል የለም። ይነቀንቁታል። የለም። ቂጡን በመዳፋቸው ጥፊ ያቀምሱታል። አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነገር አንገቱ ላይ ብቅ ትልና እዚያው ትቀራለች፤ ወደ ውጭም አትወጣ፣ ወደ ውስጥም አትመለስ። ሽንኩርቱ ማረር ይጀምራል።

«ይኸውላችሁ!» ይላሉ እማማ፣ ጄሪካኑን ለግቢው ሕዝብ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «እዚህ እንዲህ የቆመ፣ ደም ሥሬ ውስጥ ገብቶ ሊራመድ ነው?»

ከፍርዱ ቀጥሎ ቅጣት አለ። ቀላሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ ሐምሌ ላይ ግን ፀሐይ ራሷ በስንት ደጅ ጥናት ነው የምትገኘው። ሁለተኛው ፍል ውሃ በሳፋ አድርጎ ጄሪካኑን መዘፍዘፍ ነው፤ ይህ ዳር ዳሩን ያቀልጥና መሐሉን እንዳለ ይተወዋል። ከሁሉ የሚከፋው ጄሪካኑን ትከሻው ላይ በቢላ ቀድዶ ዘይቱን በማንኪያ መዛቅ ነው። እማማ እዚህ ድረስ ሄደው አያውቁም። ጄሪካን በእሳቸው ቤት ከዘይት የበለጠ ዕድሜና ክብር አለው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ቧንቧው ሥር ወረፋ ይያዝበታል።

የሚገርመኝ እዚያው መደርደሪያ ላይ በጣሳ የተቀመጠው ቅቤ ነው። እሱም ረግቷል፤ እንዲያውም ማንኪያ ያቆማል። አንድም ቀን ተከሶ አያውቅም። በጋ ላይ በቀትር ቀልጦ ያገኙት ዕለት ግን «ምን ቀላቅለውበት ነው?» ብለው ሻጩን ሲረግሙ ዋሉ። ዘይት ሲረጋ ጥፋተኛ፣ ቅቤ ሲቀልጥ ጥፋተኛ። ምስኪኖቹ ሁለቱም የቤቱን ሙቀት ከመናገር በቀር ያደረጉት ነገር የለም።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበችው ከድሬዳዋ የመጣች የእማማ የእህት ልጅ ናት። ጄሪካኑን አየችና «እትዬ፣ እኛ ጋ እኮ ይኸው ዘይት አይረጋም» አለች። ስሙም፣ ሥዕሉም፣ ክዳኑም አንድ ነው። እማማ ጥቂት አሰቡና «ድሬማ ኮንትሮባንድ አለ፤ ለእናንተ የሚገባው ሌላ ነው» ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ለዚህስ ኮንትሮባንድ አያስፈልግም ነበር። ፓልም ዘይት የሚቀልጠው 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የእማማ ወጥ ቤት በሐምሌ ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ ከተገኘ ደግ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ በሰኔ ቀትር 35ን ሳትደክም ትሻገራለች። ስለዚህ አንዱ ዘይት እዚህ ጠጣር፣ እዚያ ፈሳሽ ሆኖ ይውላል። አውቶቡስ ላይ ቢጭኑት አዋሽን ሲሻገር ሐሳቡን መቀየር ይጀምር ነበር።

ይሁንና እማማን ጨርሶ መርታት አይቻልም። የዘይት ሞለኪውል ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች አሉት። ሐኪሞች «ሳቹሬትድ» በሚሉት ስብ ውስጥ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ለመደርደር ይመቻሉ፤ ተደርድረው ሲያበቁ ረጋ ይባላል። በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ሰንሰለቶች መሐል ወገባቸው ላይ የታጠፉ ናቸው። የታጠፈ ነገር አይደረደርም፤ ስለዚህ ብርድም ቢሆን ይፈሳሉ። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ያ ቀጥ ያለው ዓይነት ነው፤ እሱም ሲበዛ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። እማማ እንግዲህ ከመርጋቱ ተነሥተው ጠባዩን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። የሳቱት ምክንያቱን ነው፤ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ስለሆነ ዘይቱ እንደ ጄሪካኑ ደም ሥር ውስጥ ቆሞ አይገኝም። ቅቤው ደግሞ በዚህ ቀጥ ባለው ስብ ከፓልም ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ይህን አንድ ጊዜ ለመናገር ሞክሬ «ቅቤ ላይ ምላስህን እንዳታነሣ» ተብያለሁ።

የእማማ የልጅ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። ፈተና ሲደርስ ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከቧንቧው እስከ በሩ እየተመላለሰ ይሸመድዳል። «ጠጣር የራሱ ቅርጽና የራሱ ይዘት አለው። ፈሳሽ የራሱ ይዘት እንጂ የራሱ ቅርጽ የለውም። ጋዝ ቅርጽም ይዘትም የለውም።» ምሳሌዎቹ ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ድንጋይ፣ ውሃ፣ አየር። ከደብተር ወደ ደብተር ሲገለበጡ የኖሩ፣ ጨዋ ምሳሌዎች ናቸው። ቅቤን ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር አላየሁም። ቅቤ ክፍል ቢገባ ይረብሻል።

ደብተሩ ውስጥ አንድ መስመር ተጽፎ የሚታለፈው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ፣ ዝም ያለ ነገር አለመኖሩ ነው። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን በ1827 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ነገሮችን ውሃ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ማንም ሳይነካቸው ይንቀጠቀጣሉ። ከአበባ ስለመጡ ሕይወት ያላቸው መስሎት ነበር። ቀጥሎ የማዕድን ዱቄት ሞከረ፤ ያም ተንቀጠቀጠ። ከግብፁ ስፊንክስ ላይ የተፈረከሰ ቁራጭ ሳይቀር ፈጭቶ አየ፤ ስፊንክስም ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱን አልበርት አይንስታይን በ1905 በስሌት አስረዳ፤ ዓይን የማያያቸው የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገጯቸው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔረን ደግሞ ቁጭ ብሎ ለካው፤ በ1926 ኖቤል ተሸለመበት።

እንግዲህ ሦስቱ ደብተራዊ ክፍሎች በዚህ ዓይን ሲታዩ የእንቅስቃሴ ልዩነት ናቸው። በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ባሉበት ይንዘፈዘፋሉ፤ በፈሳሽ ውስጥ ሳይለያዩ እርስ በርስ ይተላለፋሉ፤ በጋዝ ውስጥ ማንም ማንን አይጠብቅም። ሙቀት የምንለው ይኸው ሩጫ ነው። የእማማ ዘይት ሐምሌ ላይ ሲረጋ እንኳ ውስጡ ገበያ ነው።

አቶሙ ራሱ ደግሞ የባሰ ጉድ አለው። በ1909 ማንችስተር ውስጥ የኧርነስት ራዘርፎርድ ረዳቶች፣ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን፣ ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ አልፋ የሚባሉ ቅንጣቶችን ተኮሱ። አብዛኞቹ ምንም እንደሌለ ሁሉ አልፈው ሄዱ፤ ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ራዘርፎርድ በ1911 የደረሰበት ድምዳሜ አቶም ማለት መሐሉ ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆነ ኒውክለስ ያለው ነገር ነው የሚል ነበር። የኒውክለሱ ስፋት ከአቶሙ ስፋት አንድ መቶ ሺኛ ያህል ነው፤ ከክብደቱ ግን ከ99.9 በመቶ በላይ የያዘው እሱ ነው። የቀረውን ሰፊ ቦታ ክብደት የለሽ ለማለት ጥቂት የቀራቸው ኤሌክትሮኖች ይዞሩበታል። ግድግዳ ስንደገፍ የማንሰጥመው የእኛና የግድግዳው ኤሌክትሮኖች አልጠጋም፣ አልጠጋም እየተባባሉ ስለሚገፋፉ ነው።

ኪራይ ሊጨመር በተወራበት ሰሞን ይህን ዕውቀት ሥራ ላይ ለማዋል አሰብኩ።

«እማማ፣ ይህ ግድግዳ እኮ አብዛኛው ባዶ ነው። ሳይንስ ያረጋገጠው ነገር ነው።»

እማማ ግድግዳውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። «ታዲያ አንተ ግድግዳው ውስጥ ነው እንዴ የምትተኛው? እኔ ያከራየሁህ ባዶውን ነው። ባዶው ከዚህም ይበዛል ካልክ ኪራዩም ይጨምራል ማለት ነው።»

ራዘርፎርድም ቢሆን ይህን መልስ የሚያፈርስ ነገር የሚያገኝ አይመስለኝም።

የድሬዳዋዋ እንግዳችን ሁለተኛ ቅሬታ ባቄላ ነበር። ንፍሮ ጥዳ ስትጠብቅ ዋለች። «የናንተ ባቄላ ድንጋይ ነው!» አለች። እማማ ለባቄላቸው ጥብቅና ቆሙ፤ ማገዶው ነው፣ ድስቱ ነው፣ ውሃው ነው ተባለ። የእውነቱ ተጠያቂ ከፍታው ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ሕግ የሚሠራው ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የሚጫነን አየር ይሳሳል፤ ውሃውም ያለ ብዙ ትግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ድሬዳዋ በ96፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ታፈላለች። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰው 85 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተክለታል፤ ደስ ብሎት ቅጠሉን ይጨምራል፤ ሻዩ ግን ቀለም አልይዝ ይለዋል።

አልበስል ያለ ባቄላ ላይ የሚወሰደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ከሰል ይጨመራል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይጨፍራል፣ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፤ ባቄላው ግን ከ92 በላይ አንዲት ዲግሪ አያይም። የፈላ ውሃ እሳት በተጨመረለት ቁጥር ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ትነት ደግሞ ሆዳም ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ጨርሶ ለማትነን፣ ያንኑ ውሃ ከበረዶነቱ አፋፍ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚበቃው አምስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈጃል። በከሰል ዋጋ ሲታሰብ ኮርኒስ እየቀቀሉ ነው።

መፍትሔውን ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679 ለንደን ላይ አሳይቷል፤ ክዳኑ ጥርቅም የሚል ድስት። እንፋሎቱ ሲታፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። ዛሬ የምንገዛው ፕሬሸር ኩከር አዲስ አበባ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሳል። ለእማማ አንድ ከውጭ ተልኮላቸው ነበር። አንድ ቀን ተጥዶ ማፏጨት ሲጀምር «በሰው ቤት የሚያፏጭ ድስት! ሰይጣን ልትጠሩብኝ ነው?» ብለው አወረዱት። አሁን ስኳር ይቀመጥበታል። እርግጥ ጉንዳን ደፍሮት አያውቅም።

ግፊት ካነሣን አይቀር፣ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ያለውን ሰው ማመስገን ይገባል። ላቦራቶሪ ሳይኖረው የፈሳሽን ዋና ጠባይ አግኝቶታል፤ ውሃን ጨቁኖ ማሳነስ ጨርሶ የማይቻል ያህል ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ማሪያና በሚባለው ጥልቅ ሸለቆ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ከላይ የሚጫነው ግፊት እኛ ከለመድነው የአየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። ያ ሁሉ ተጭኖት ውሃው የሚጠብበው አምስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሙቀጫ ምን ያደርገዋል?

ጋዝ ግን ይታመቃል። ሲብስም እጅ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። የግቢያችን ወንደላጤ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደሩን ጆሮው ሥር አድርጎ እየናጠ «አላለቀም፣ ውስጡ ይንቦጫረቃል!» የሚለው ለዚህ ነው። ልክ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው። ግን ምድጃው የሚፈልገው የተነነውን ነው፤ በተነነ ቁጥር ደግሞ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር መትነን ይሰንፋል። ሲሊንደር ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች አንዱ፣ ቡቴን፣ የሚፈላው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ስለሆነ ብርድ ሲበረታ ልግመኛ ነው፤ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ፕሮፔን ብርድ አይፈራም። ሲሊንደሩን ገልብጠው የሚጠቀሙ ጀግኖች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ከእነሱ ጋር ግድግዳ መጋራት አልፈልግም፤ ባዶ ይሁን ሙሉ።

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል፤ የቡና ሽታም እንዲሁ። የአየር ሞለኪውሎች በሰከንድ 500 ሜትር ያህል ይበርራሉ፤ ይህ ከመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ እማማ ቡና ገና ሲቆሉ ሽታው ሦስተኛው ቤት በቅጽበት መድረስ ነበረበት። የማይደርሰው እያንዳንዷ ሞለኪውል በሰከንድ ብዙ ቢሊዮን ጊዜ ከሌሎች ጋር እየተጋጨች ወዲያና ወዲህ ስለምትል ነው። ነፋስ ካላገዛት ሩቅ አትሄድም። ነፋስ በሌለበት ቀን ሁሉ አቦል ሳይወርድ የምትደርስ አንዲት ጎረቤት ግን አለችን፤ እሷን ፊዚክስ አይገልጻትም።

ማር ላይም ክስ አለ። የቆየ ማር ሲሻክርና ሲነጣ ገዢው «ስኳር ነው!» ይላል። ማር ማለት ውሃው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ስኳር የተሸከመ ፈሳሽ ነው፤ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ትዕግሥቱ ሲያልቅ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ይህ በጣም የሚፋጠነው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንግዲህ የደጋ ቤት ተመችቶታል። ግሉኮስ የሚበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ መርጋቱ ብቻ ማሩን አያስወነጅለውም። ነጻም አያወጣውም፤ ስኳር የተቀላቀለበትም ሊረጋ ይችላል። ይህን ስነግራቸው እማማ «ታዲያ በምን እንወቀው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማር ሻጩም ይህንኑ ጥያቄ ነው የሚተማመነው።

በጨው ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር ሜዳ አሞሌ እየተጠረበ በግመል ሲወጣ፣ ከአራት ማዕዘን ጥርብ ድንጋይ በዓይን የሚለይ አልነበረም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የተባለው በዚህ ነው። ምላስ አስቀምጦ መለየት ይቻላል፤ ውሃ ውስጥ ከተው መጠበቅም ይቻላል። እሳት ላይ አድርጎ ለመለየት የሚሞክር ግን ይደክማል፤ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው።

ልጁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዝናብ ያዘው። መብረቁ ሲያንባርቅ እኛ ቤት ገባ። «ይኼ የቱ ነው? ጠጣር? ፈሳሽ?» አልኩት ለተንኮል። «ጋዝ» አለ ትንሽ ቆይቶ። መልሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ መብረቅ የመታው አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ግሎ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው የተነጠሉበት ፕላዝማ ነው። ፀሐይም፣ ከዋክብትም ከዚሁ ናቸው። አራተኛ ክፍል አለ ማለት ነው። ደብተሩ ሦስት ይላል። ልጁ ነገ መምህሩን እንደሚጠይቅ ሲዝት፣ የታንዛኒያውን ተማሪ ታሪክ ነገርኩት።

ኤራስቶ ምፔምባ በ1963 ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤት አይስክሬም ሲሠሩ ወተቱ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ ነበር ማቀዝቀዣ የሚገባው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እየተሻሙ ነበርና ምፔምባ ሳይቀዘቅዝ እንደ ጋለ አስገባው። የእሱ ወተት ቀድሞ በረዶ ሆነ። መምህሩን ጠየቀ፤ ተሳስተሃል ተባለ። ደግሞ ጠየቀ፤ «የምፔምባ ፊዚክስ» እየተባለ ክፍሉ ይስቅበት ጀመር። ዴኒስ ኦስቦርን የሚባል የዳሬሰላም የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሊያስተምር ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ልጁ አሁንም እጁን አወጣ። ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ኦስቦርን ግን ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ሞከረው። በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አሳተሙ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የሚደገም ነገርም አይደለም። ስሙ ግን የምፔምባ ሆኖ ቀረ፤ የሳቁት ስማቸው አልተጻፈም።

እማማ ይህን ታሪክ ወደዱት። «ጎበዝ! ቦታ ሲሻሙ ነው ሰው የሚፈላሰፍ» አሉ። ስለዚህ የአውስትራሊያውን ጨመርኩላቸው።

በ1927 ብሪስቤን ከተማ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቶማስ ፓርኔል የሚባል ፕሮፌሰር ጠጣር የመሰለ ሁሉ ጠጣር እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ ማሳየት ፈለገ። ለመንገድ እንደምናየው ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር አምጥቶ አቀለጠና የመስተዋት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመረው። ይህ ነገር በመዶሻ ሲመቱት ይሰባበራል። ፓርኔል እንዲረጋ ሦስት ዓመት ጠበቀ። በ1930 የማንቆርቆሪያውን ጫፍ ቆረጠና ጠብታ መጠበቅ ጀመረ። የመጀመሪያዋ በ1938 ወደቀች።

«ስምንት ዓመት?» አሉ እማማ።

ስምንት ዓመት። የዚያ ሬንጅ ውፍረት ከውሃ ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው፤ ግን ፈሳሽ ነው፤ ይወርዳል። ፓርኔል ሞተ። ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ሲንጠባጠብ ኖሮ በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣው ጆን ሜይንስቶን ተረከበው። ሜይንስቶን ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ጠበቀው። ማንም ሰው ጠብታ ስትወድቅ በዓይኑ አላየም ነበርና እሱ ማየት ይፈልጋል። በ1979 ጠብታዋ የወደቀችው ቅዳሜና እሑድ ላይ፣ እሱ በሌለበት ነው። በ1988 አጠገቧ ሲጠብቅ ቆይቶ የሚጠጣ ነገር ለማምጣት ጥቂት ደቂቃ ወጣ አለ፤ ሲመለስ ወድቃለች። ለ2000ዋ ብልህ ሆነና ካሜራ አስቀመጠ፤ ጠብታዋ ስትወድቅ ካሜራው ተበላሸ። በ2005 ሰውን መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል ለእሱና በሕይወት ለሌለው ለፓርኔል ሰጧቸው። በ2013 ሜይንስቶን ሞተ። ዘጠነኛዋ ጠብታ በ2014 ወረደች።

በዚያው በ2013፣ ሰውየው ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ከ1944 ጀምሮ የቆየ ተመሳሳይ ሙከራ ጠብታ ሲጥል በካሜራ ተይዟል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ።

«ምነው፣ ለሱ ባደረገችለት!» ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። «ደመወዝ ይከፈለው ነበር?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር እኮ ነው።»

«ጡረታም?»

«ጡረታም አይቀርለትም።»

እማማ የልጅ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት። ልጁ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። የሳይንስ ፈተናው ዓርብ ነው፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ጠጣር የሆነው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሬንጅ ከምርጫዎቹ አንዱ ይሆናል።

«ፈሳሽ ነው ብዬ ሬንጁን ብዘልለው መምህሩ ኤክስ ያደርግብኛል» አለ።

«አንተ ጠጣር በል» አሉት እማማ። «ጠብታዋ ወድቃ እስክትመሰክርልህ ድረስ ተመርቀህ ሥራ ፍለጋ ላይ ነህ።»

ልጁ ጠጣር አለ። ነጥቧንም አገኘ።